የአሳማው መንጋጋና የአባቴ ጉርሻ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ "እማማ፣ ይሄን አውሬ ያውቁታል?" አለችኝ። ኖቶኮይረስ የሚባል፣ ዘሩ ከምድር ከጠፋ ሚሊዮን ዓመት ያለፈው ግዙፍ አሳማ ነበር። ወጣትነቴ ያለቀው እኮ የሱን ጥርስ ስጠርግ ነው አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን አባቴ ትዝ አለኝ።

ያኔ የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነበር። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ከአፋር በረሃ የሚመጡ ቅሪተ አካላትን የማጽዳት ሥራ አገኘሁ። በመርፌና በብሩሽ አፈሩን ቀስ እያሉ ማንሳት ነው። ድንጋይ የሆነ አጥንት ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሽታ የሚባል የለውም። እኔ ደግሞ ሥራውን ወደድኩት።

በቤታችን ፆም በተፈታ ቁጥር አባቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለኔ ይሰጠኛል፤ እኔም መልሼ አጎርሰዋለሁ። የዚያን ዓመት ፍልሰታ የተፈታ ዕለት ቤቱ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል። ጠቅልዬ ወደ አፉ እጄን ስዘረጋ፣ በደስታ ብዛት፣ ትናንት ያጸዳሁት መንጋጋ የአሳማ መሆኑን ነገርኩት። ፊቱን አዞረ። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ።

እናቴ ተቆጥታ የንስሐ አባታችንን አስጠራች። እሳቸውም ድንጋይ ምን ያረክሳል ብለው ገሠጹት። አባቴ እሺ አለ፤ ከእጄ ግን አልበላም። አንድ ቀን ማታ አልቻልኩም፣ ሥራዬን ልተወው ብዬ አለቀስኩ።

"እንዳታደርጊው" አለኝ። "ልቤ ገብቶታል፤ ጉሮሮዬ ነው እምቢ ያለኝ። እለምዳለሁ፣ በቃ ትንሽ ታገሺኝ።"

ታገስኩ። ሳይለምድ ግን ታመመ፤ በሚቀጥለው ክረምት አልጋ ላይ ዋለ። አንድ እሑድ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እናቴ ቅዳሴ ሄዳ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ዳቦ በሻይ አርሼ ሳህኑን አጠገቡ አስቀመጥኩለት፤ እናቴ ስትመጣ ታጎርሰዋለች ብዬ ነው።

"አንቺ አጉርሺኝ" አለኝ።

ደስታዬን ምን ልበላችሁ። አፉን ከፈተልኝ። ብዙ አላመጠ፤ መዋጥ አቃተውና መልሶ መዳፌ ላይ ተፋው። እንባው በጉንጩ ወረደ። ምንም አይደለም አባዬ አልኩት። ሳምንት ሳይቆይ ዐረፈ።

ሐኪሙ በሽታው መዋጥ ከልክሎት ነበር አለን። ይሁን። ዛሬ እሱ ከሞተበት ዕድሜ አልፌአለሁ፤ ልጆቼ ሲያጎርሱኝ ጠግቤም ቢሆን እውጣለሁ። ያቺን ጉርሻ የመለሳት በሽታው ይሁን የኔ እጅ፣ እስካሁን አላውቅም።