የሰርካለም ቀንዳሞች

ሰርካለም ሰይጣን መሥራት የጀመረችው ክረምት ላይ ነው፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ። ሌላው ሰው ሥራ ሲቀዘቅዝ ወይ ይተኛል ወይ ሰው ያማል። እሷ ጭቃ አቦካች።

ሙያዋ ፀጉር ነው። ሰቆጣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ እትዬ ውባንቺ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ መስታወቷን በሩ አጠገብ ሰቅላ ሹሩባ ትሠራለች። እጇ ቀጭን ነው። ከጋዝጊብላ የሚወርዱ ሙሽሮች ሳይቀሩ ስሟን ጠይቀው ነው የሚመጡት። ከቤይሩት ከተመለሰች ወዲህ ሰው የሚያውቅላት ይህንን ነው።

ቤይሩት ያሠራቻት እመቤት አንድ ልጅ ነበራት። ልጅ ሲባል ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ጎልማሳ ነው። ሥራ የለው፣ ሚስት የለው፣ ወዳጅ የለው። ያለው አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ሙሉ፣ አውራ ጣት አውራ ጣት የሚያካክል ወታደር ነው። ጨዋታ ነው። አንዱ ጦር ከዚህ ይሰለፋል፣ አንዱ ከዚያ፤ ማን ምን ያህል እንደሚራመድ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካል፣ ማን ማንን እንደገደለ ዳይስ ተወርውሮ ነጥቡ ይታያል። ሰውየው ተጋጣሚ ሲያጣ ሰርካለምን ከማድ ቤት ጠራት። የሚያብረቀርቁትን ፈረሰኞች ለራሱ ወሰደ፤ ቀንድና ጅራት ያላቸውን አጋንንት ለሠራተኛዋ ሰጠ። ድልድሉ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ተሸነፈች። ኋላ ማሸነፍ ጀመረች፣ እሱም ማኩረፍ ጀመረ።

ስትመለስ ሻንጣዋ እዚያው ቀረ። ጨዋታው ግን ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ስለሆነ የሚቀማት አልተገኘም።

ሰቆጣ ላይ ተጋጣሚ የሆናት ደግሰው ነው፣ የከብት ሐኪሙ፣ እዚያው አጠገብ ያለችው የዝቋላ ወረዳ ሰው። እህቱን ሹሩባ ሊያሠራ መጥቶ፣ መደርደሪያው ላይ የቆመውን የመጀመሪያውን ቀንዳም አየና ምንድን ነው አለ፤ ስትነግረው እዚያው ቀረ። የራሱን ጦር ከወይራ እንጨት ቀረጸ። ወታደሮቹ ፍየል ላይ ነው የተቀመጡት።

«ፈረስ አይሻልም ነበር?» አለችው።

«ዝቋላ ገደል ላይ ፈረስ ሲወጣ አይተሻል?»

ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሊጋጠሙ ተቀጣጠሩ።

የሰርካለም ጦር ሠላሳ ምናምን ሆነ። አንዱ ምላሱን ጎልጉሏል፣ አንዱ ሆዱን ታቅፏል፣ አንዱ ሰኮናውን እያከከ ነው። ሁሉም ሹሩባ ተሠርተዋል፤ እጅ ልማዱን አይተውም። ከሁሉም በላይ አለቃቸው ነበር። ክንፉ የተዘረጋ፣ ጥፍሩ አንድ በአንድ የወጣ፣ ስንጥር ይዛ ነሐሴን ሙሉ የለፋችበት። ያን የመሰለ ነገር በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም። ወፍራም ስለሆነ ግን ሆዱ ገና አልደረቀም።

እትዬ ውባንቺ ወንፊት ሊዋሱ መጡና በሩን ሳያንኳኩ ገፉት። የገዛ በራቸው አይደል? መደርደሪያውን አዩ። መጀመሪያ በኽምጠኛ የሆነ ነገር አሉ፤ እሳቸው ሲደነግጡ አማርኛ አይበቃቸውም።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?»

«መጫወቻ ናቸው እትዬ።»

«ቀንድ ያለው መጫወቻ?»

«ፍየልም ቀንድ አላት እኮ።»

«ፍየል በሁለት እግሯ ቆማ ጦር አትነቀንቅም!» እትዬ ውባንቺ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ አማተቡ። «ነገ ቄስ ገብረ አማኑኤል ቤት ለቤት ጸበል ሊረጩ ይመጣሉ። ጸበሉ ይፍረድ! ጋኔን ከሆነ ጸበል ሲነካው መልኩ ይጠፋል። ከጠፋ አንቺም ጓዝሽን ይዘሽ ትወጫለሽ።»

«እትዬ፣ ያልተተኮሰ ጭቃ እኮ የቧንቧ ውኃም ያሟሟዋል።»

«ይኸው! ከአፍሽ ወጣ!»

ሰርካለም ክፍሏ ሲሄድ ሥራዋም እንደሚሄድ ታውቃለች። ሰይጣን ትጠፈጥፋለች ለተባለች ሴት ራሱን የሚያጎነብስ ማን አለ? ሰቆጣ ደግሞ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ እዚህ የተባለ ነገር ከባለ ወሬው ቀድሞ ይደርሳል።

ጭቃ ሸክላ የሚሆነው በእሳት ሲተኮስ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ መተኮስ አለባቸው። ለደግሰው ደወለች፤ አንድ ጆንያ ኩበት ተሸክሞ መጣ። ከጓሮ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ቀንዳሞቹን በገለባ መሀል አጋደሙ፣ ኩበቱን ከመሩና ለኮሱት።

ችግሩ ይህ ነው፦ እርጥበት የቀረበት ጭቃ እሳት ሲያገኘው ይፈነዳል። እንደ ሸክላ ሠሪዎቹ ጊዜ ሰጥቶ ማድረቅ ያስፈልግ ነበር፤ እሷ ጊዜ የላትም። ተቀምጠው አዳመጡ።

ጧ!

«አንድ ሞተ» አለ ደግሰው።

«ዝም በል።»

ጧ! ጧ!

እትዬ ውባንቺ ከቤታቸው ውስጥ ድምፁን በሰሙ ቁጥር «በስመ ሥላሴ!» ይላሉ። እሳቱ ይፈነዳል፣ እሳቸው ያማትባሉ፣ ሰርካለም ጥፍሯን ትበላለች። አለቃውን እሳቱ ውስጥ አልጨመረችውም። እሱ ቢፈነዳ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጨርሳል። ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ስር በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

አመዱ ሲቀዘቅዝ ቆፍረው አወጧቸው። ጥቂቱ ተሰባብሯል፤ የቀሩት ቀልተው፣ ጠቁረው፣ ሲነኳቸው እንደ ጀበና ቂው ይላሉ። ሰርካለም ከጠዋት ወዲህ ገና አሁን ሳቀች።

ደግሰው አልሳቀም። «ካልሟሙስ ምን የሚሉ ይመስልሻል?» አላት።

«ሸክላ ናቸው ይላሉ።»

«እትዬ ውባንቺ?»

ሰርካለም ሳቋን ዋጠችው።

በማግሥቱ ቄስ ገብረ አማኑኤል ጥላቸውንና የጸበል ማሰሯቸውን ይዘው መጡ። እግራቸውን ስለሚያማቸው ሁሉን ነገር ቀስ ብለው ነው የሚያደርጉት። ከኋላቸው የጎረቤት ሴቶች ተከትለዋል፤ ጸበል ፈልገው ነው እንዳይባል ጸበሉ ትናንት በየቤታቸው ተረጭቷል። ደግሰውም ጥግ ይዞ ቆሟል። ቄሱ ዋናውን ቤት ረጩ፣ በረቱን ረጩ፣ ከዚያ ወደ ሰርካለም ክፍል ጎንበስ ብለው ገቡ።

«አባ፣ እነዚያ ላይ ጠበቅ ያድርጉልኝ» አሉ እትዬ ውባንቺ።

ቄሱ መደርደሪያው ላይ አፈሰሱ። ውኃው በቀንድ ላይ ወረደ፣ ከምላስ ላይ ተንጠባጠበ፣ በሹሩባው መሀል አለፈ። ሁሉም ዐይኑን ተከለ። የሟሟ የለም። ቀንዳሞቹ እንደቆሙ ናቸው።

ሰርካለም ትንፋሿን ለቀቀች።

«ቻሉት!» አሉ እትዬ ውባንቺ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «ጸበሉን ቻሉት! ተራው ጋኔንማ ይጠፋ ነበር። እነዚህ የበረቱት ናቸው!»

ሴቶቹ እየተገፋፉ ወደ ግቢው ወጡ።

«ሸክላ ነው እኮ ውባንቺ» አሉ ቄሱ። «እኛስ ደብር ግድግዳው ላይ ቀንዳም ተስሎ የለ?»

«እሱ ከቅዱስ ሚካኤል እግር ስር ነው አባ! እነዚህ ከማን እግር ስር ናቸው?»

ቄሱ ማሰሯቸውን ዘንበል አድርገው የቀረውን ጸበል አዩ።

«ዛሬውኑ ትውጣልኝ!» አሉ እትዬ ውባንቺ።

ሰርካለም ተንበርክካ እጇን አልጋው ስር ሰደደች። ደግሰው ምን ልታወጣ እንደሆነ ገባውና «ተይ! እባክሽ ተይ» አለ በሹክሹክታ። ጨርቁን ፈታች። ክንፉ እንደተዘረጋ ነው። አለቃውን ወለሉ ላይ፣ ከቄሱ እግር ፊት አቆመችው።

«አለቃቸው ይኸ ነው አባ። ዋናው እሱ ነው። ይርጩት።»

ቄስ ገብረ አማኑኤል ጎንበስ ብለው ክንፉን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉ። ጭቃው ጣታቸው ላይ ቀረ። ጣታቸውን አዩ፣ ሰርካለምን አዩ፣ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ማሰሮው ውስጥ የቀረውን በሙሉ ለቀቁበት።

መጀመሪያ ክንፉ ወደቀ። ቀንዱ ተንሸራቶ ግንባሩ ላይ ወረደ። ሹሩባው ተፈታ። ጥፍሮቹ፣ ያ ሁሉ የነሐሴ ልፋት፣ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ፊቱ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እሱም ሄደ። ቀይ ውኃ በሩ ድረስ ወረደ። ሰርካለም ዐይኗን አላነሳችም።

ከውጭ አንዷ ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት።

«እሱ ነበር!» አሉ እትዬ ውባንቺ ደረታቸውን ይዘው። «አላልኩም? እሱ ነበር!»

«እነዚህስ?» አሉ ቄሱ ወደ መደርደሪያው እያሳዩ። «እነዚህን ምን እናድርጋቸው?»

እትዬ ውባንቺ ረጥበው የቆሙትን አንድ በአንድ አዩአቸው። በጦርነቱ ጊዜ በዚያ ግቢ ያላለፈ ወታደር የለም፤ ከዚያም ከዚህም የመጣውን ሁሉ ውኃ አጠጥተዋል። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እነሱማ ምን ያርጉ። አለቃ ያዘዛቸውን ነው።»

በዚህ ተፈረደ። ሰርካለም ክፍሏን አላጣችም።

እሑድ ጦሩ ያለ አለቃ ተሰለፈ። የጨዋታው ሕግ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ አለቃ የሌለው ጦር ዳይሱ ካልቀናው ይሸሻል። አልቀናውም። የደግሰው ፍየሎች ከግራ ገቡ፣ ከቀኝ ገቡ፣ ቀንዳሞቹ በየተራ እየተጋደሙ ከጠረጴዛው ወረዱ። እትዬ ውባንቺ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያ በርጩማ ይዘው ገቡ። ከዚያ በርጩማውን ይበልጥ አስጠጉት።

«አንተ የዝቋላ ልጅ!» አሉ በመጨረሻ። «አለቃ የሌለውን ሰው እንዲህ ስትፈጅ አታፍርም?»

«ሕጉ ነው እኮ እትዬ።»

«ምን ዐይነት ሕግ ነው! አንቺ ደግሞ ምን ታፈዣለሽ? ወርውሪ እንጂ!»

ሰርካለም ዳይሱን በመዳፏ አሸችና ወረወረች።