«ደህና» ብዬ የሞላሁት ፎርም

ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ፊት ቆሜ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጋሽ ሰይድ የእህታቸው ኩላሊት የተተከለላቸው ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚኖሩ ለሚያጠና ቡድን በየወሩ እየደወልኩ ፎርም የምሞላ ነርስ ነኝ።

«እንዴት ነዎት?» እላለሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። «ደህና» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ስልኩን እዘጋለሁ። በፍጥነቴ ተመስግኜ አውቃለሁ።

ዛሬ ቤታቸው ስሄድ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸዋል። ከጀመራቸው ሁለት ወር አልፎታል።

«በስልክ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጄ፣ እናቴ በስድሳ ስድስቱ ረሃብ እህል ሳትቀምስ ውላም እንዴት ነሽ ሲሏት አልሐምዱሊላህ ነበር የምትል። ችግሩ ከምስጋናው በኋላ ነው የሚነገር። አንቺ ቶሎ ትዘጊዋለሽ።»

እኔም እዚሁ ወሎ፣ የደጎሎ ልጅ ነኝ። አላውቅም ነበር አልል ነገር፣ አባቴም እንዲሁ ነው የሚመልሰው።

አሁን ወደ ደሴ ሆስፒታል ይዣቸው እየሄድኩ ነው። መኪናው ውስጥ «እንዴት ነዎት?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ።»

ዝም ብዬ ጠበቅኩ።

«የእህቴ ኩላሊት ያለበት ጎን ይወጋኛል» አሉ።

እናንተስ «ደህና ነኝ» ያላችሁን ሰው ቀሪውን ሳትሰሙ የዘጋችሁበት ጊዜ አለ?