ገርድ ሆልተርማን፣ በኋላም ቴንብሪንክ

ዛሬ ቴንብሪንክ የሚለውን ስም የሚሸከሙ ሰዎች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም፣ በሆላንዱም በጀርመኑም በኩል፣ ሞልተዋል። በሠርግ ማዕድ ላይ «ከጥንት የመጣን አንድ ደም ነን» እያሉ ጽዋ ሲያነሡ ሰምቻለሁ። የደብራችንን መዝገብ ሃያ ዓመት የገለበጥሁ ሰው ነኝና፣ ይህ ሐሰት መሆኑን በማስረጃ እናገራለሁ። ቴንብሪንክ ሣር በለበሰች ጉብታ ሥር ያለ እርሻ ስም እንጂ የደም ስም አይደለም። በጋብቻም ሆነ በውርስ ወደ እርሻው የገባ ወንድ ሁሉ የአባቱን ስም ደጅ ላይ ጥሎ በእርሻው ስም ይጠራ ነበር።

ከእነዚያ ወንዶች አንዱ ገርድ ነው። ሆልተርማን በተባለው እርሻ ተወልዶ፣ በሃያ አራት ዓመቱ የቴንብሪንክን ወራሽ አሌይድን አገባ። በሠርጉ ቀን ጎረቤቶች እጁን ይዘው በምድጃው ዙሪያ ሦስት ጊዜ አዞሩት፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሆልተርማን ብሎ የጠራው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ረግረጉን አደረቀ፣ አጃ ዘራ፣ ተልባ ነቀለ። ልጅ ግን አልወለዱም። አሌይድ በሳንባ ሕመም ስትሞት፣ እርሻው የሚገብርለት የመሬቱ ጌታ ይዞታውን ለእህቷ ልጅ ለላምበርት ሰጠው። ላምበርትም በሌላ ስም የተወለደ ሲሆን፣ ጓዙን ባስገባ ዕለት ቴንብሪንክ ሆነ።

ገርድ እርሻውን አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሞት ከሚስቱ ጎን መቀበር።

«ከጎኗ ያለው የቤቱ ጌታ ቦታ ነው፣» አለው ላምበርት፣ ዓይኑን ከሾርባው ሳያነሣ።

«የቤቱ ጌታ እኔ አልነበርኩም እንዴ?»

«ነበሩ፣ አጎቴ፤ ነበሩ። አሁን ቴንብሪንክ እኔ ነኝ። እርስዎ የሆልተርማን ልጅ አይደሉ? ምነው ወደ ወገኖችዎ ቢሄዱ!»

ሽማግሌው ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ከተወለደበት ደጅ ደረሰ። በሩን የከፈተለት አይቶት የማያውቀው ሰው ነበር፤ ኤቨርት ይባላል። የገርድን የወንድም ልጅ አግብቶ ስለ ገባ፣ ሆልተርማን አሁን እሱ ነው።

«እናትና አባቴ ካረፉበት ጥግ ትንሽ ቦታ ስጠኝ፣ ልጄ፣» ሲል ለመነው።

ኤቨርት ሳቀ። «አይ አባባ! የሆልተርማን መቃብር ለሆልተርማን ነው። አንተ እኮ ቴንብሪንክ ነህ፤ አገር ያውቅሃል።»

«እዚህ ቤት ነው የተወለድኩት። ያንን የውሃ ጉድጓድ ከአባቴ ጋር የቆፈርኩት እኔ ነኝ።»

«ውሃው ጥሩ ነው፤ ጠጥተህ ሂድ።»

አልጠጣም። የብርዱን ወራት አንድ ሸማኔ አስጠግቶት ከፍየሎቹ ጋር አሳለፈ፤ በየካቲትም ሞተ። ሁለቱም ቤቶች ስለ ነፈጉት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የሰሜን ግንብ ሥር፣ ወንዝ ያመጣቸው ሬሳዎች በሚቀበሩበት ስፍራ ቀበሩት። ቄሱ በመዝገቡ ላይ «ገርድ፣ ሽማግሌ» ብሎ ጽፏል፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረም።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፈረንሳዮች አገሩን ወረው ያዙና ማንም ሰው ስሙን እንዳይለውጥ አዘዙ። ላምበርት ስምንት ልጆቹን አሰልፎ ሁሉንም ቴንብሪንክ ብሎ አስመዘገበ። ዛሬ በጽዋው ዙሪያ ስለ ደማቸው የሚመጻደቁት የእነዚያ ልጆች ዘሮች ናቸው። ላምበርት ራሱ በሰባ ስድስት ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ከአሌይድ ጎን ነው።