ከገጽ ሰማንያ ስምንት በኋላ

ከደሴ የተነሳሁት ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ይዤ ነው። በካርቶኖቹ ውስጥ አርባ ሁለት ልቦለዶች አሉ፤ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ላሉ ልጆች ይሆናሉ ብዬ ከአዲስ አበባ መጽሐፍ መደብሮች የለቃቀምኳቸው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ መካነ ሰላም አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ያኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ ነጋዴም፣ ነርስም፣ የመንግሥት ሠራተኛም ሆነዋል። ተሰባስበው ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ልቦለድ ለመግዛት ሲነሱ "ምርጫው የቲቸር ይሁን" አሉ። የመጀመሪያውን ዙር ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ተቀምጬ መርጬ በጭነት መኪና ልኬላቸው ነበር። ለሁለተኛው ዙር ግን ናሙናዎቹን ይዤ ሄጄ ተማሪዎቹ እያገላበጡ የሚሉትን ለመስማት ወሰንኩ።

እውነቱን ልናገር፤ የልጆቹን አስተያየት ያን ያህል ፈልጌው አልነበረም። ፊተኞቹ መጻሕፍቴ ከእጅ እጅ ሲዘዋወሩ አርጅተው ለማየት ነበር የጓጓሁት።

በመንገድ ላይ

መንገዱ ክፍት መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስቱም "ትናንት ክፍት ነበር" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ዋስትና ስለማይገኝ ተሳፈርኩ። ሒሳቡ አምስት መቶ ብር ነው። ረዳቱ ካርቶኖቹን ጣሪያ ላይ ልጫናቸው ቢለኝ እምቢ ብዬ አንዱን እግሬ ሥር፣ ሌላውን ከኋላ ወንበር ሥር ወሸቅኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ወደ ከላላ የሚሄዱ እናት ካርቶኑን በጫማቸው ነካ አደረጉት።

"ምንድን ነው ይሄ እቴ?"

"መጽሐፍ ነው እናቴ። ልቦለድ።"

"ልቦለድ ማለት ያልሆነ ወሬ አይደል?"

"ነው። ግን ይጠቅማል።"

"የሚጠቅም ውሸት ከተገኘማ አልሃምዱሊላህ ነው!" ብለው ሳቁና ባናቸውን፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ለእኔም ጉልበት አካፈሉኝ።

ባናውን የወደድኩት ጉጉፍቱ ስንደርስ ነው። በገብሱ ማሳ ላይ አመዳይ ተኝቷል፤ ከበረት የወጡት በጎች ጀርባቸው ይጨሳል። የወረኢሉን መንገድ ትተን ወደ አቀስታ ስናቀና አፍንጫዬ መፍሰስ ጀመረ። አቀስታ ላይ የሚያላብስ ሽሮ ፍርፍር በመቶ ሃያ ብር በላሁ፤ ጉንፋኑ ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲያ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ካርቶኑን ከፍቶ ከላይ ያለውን መጽሐፍ አነሳና ቆሞ ማንበብ ያዘ። አንድ ገጽ ጨርሶ ሁለተኛውን ገለጠ። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

"ይሄ ልጅ ከቤት ይጠፋል አይደል?" አለኝ።

"ይጠፋል።"

"አውቄው ነበር" ብሎ መጽሐፉን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

የቀረውን መንገድ በኩራት ተቀምጬ ሄድኩ። መጽሐፍ መምረጥ የምችል ሰው ነኝ ብዬ አሰብኩ።

መካነ ሰላም፣ ገበያው

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሰይድ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። የያኔው ተማሪዬ አሁን ጢም አብቅሏል፤ አጠራሩ ግን ያው ነው። "ቲቸር! እንኳን በሰላም መጡ!" ካርቶኖቹን በባጃጅ ወደ አረፍኩበት ፔንሲዮን ወሰደልኝ። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ስጠይቀው "ነገ ያዩታል" አለና ወሬውን ወደ ጤናዬ መለሰው።

የገበያ ቀን ስለነበር ለጉንፋኔ ጥቁር አዝሙድ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ጋሼ ይማም የሚባሉ የቅመም ነጋዴ ኮረሪማውን፣ አብሹን፣ ነጭ አዝሙዱን በየጆንያው ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"ለራስ ነው ለወጥ?"

"ለራስ ነው። ጉጉፍቱ መታኝ።"

"አብሽሪ፤ ይሄ ያስለቅቅሻል" አሉና የሃያ ብሩን ሰፍረው ከአጠገባቸው ካለ ክምር አንድ ወረቀት መዝዘው ጠቀለሉልኝ። ፌስታል ይቅር ከተባለ ወዲህ የቆየ ወረቀት እንደ ወርቅ ሆኗል ብለው እያጫወቱኝ ነበር። እኔ ግን አልሰማኋቸውም። በጥቅሉ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈው የእጅ ጽሕፈት የእኔ ነው።

"ለውድ ተማሪዎቼ። አንብባችሁ ለሚቀጥለው..." ይላል፤ የቀረው ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል።

ከአራት ዓመት በፊት በእያንዳንዱ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፍኩት ነው። ክው አልኩ። አዝሙዱን መሬት ላይ እንዳልደፋው ጥቅሉን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

"ይህን ወረቀት ከየት አገኙት?"

"ኧረ የቆየ ነው! በጆንያ ነው የገዛሁት፤ የተወገደ መጽሐፍ ነው ብለውኝ። ወፍራም ስለሆነ ቆጥቤ ነው የምጠቀምበት።" ፊቴን አዩና ደነገጡ። "ወላሂ በሐቅ የገዛሁት ነው፤ ምን ሆንሽ?"

የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ጋሼ ይማም ከክምሩ የቀረውን አንስተው እቅፌ ላይ አደረጉት። ከሦስት የተለያዩ መጻሕፍት የተገነጠሉ አሥራ አንድ ቅጠሎች ነበሩ። ሁሉም ላይ የትምህርት ቤቱ ማህተም አለ።

ትምህርት ቤቱ

በማግሥቱ ሰይድን ያገኘሁት ቅጠሎቹን ይዤ ነው። ገና ሳልናገር አንገቱን ደፋ።

"ቲቸር፣ እኔ ያኔ ገና አልተቀጠርኩም። ጣሪያው ክረምቱን ሙሉ አፍስሶ ነበር። ከአሮጌ መማሪያ መጻሕፍት ጋር ተደርድረው ሻገቱ፣ እርስ በርስ ተጣበቁ። ኮሚቴ ተቀመጠና ሁሉም ይወገድ ተባለ። ያልሻገተውም አብሮ ሄደ።"

"እኔስ ለምን አልተነገረኝም?"

"አፍረው ነዋ።"

ልቆጣ ፈልጌ ቁጣው አልመጣልኝ አለ። ቀና ብዬ ሳይ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ መደርደሪያዎቹም ከግድግዳው ራቅ ብለዋል። ሰይድ የቻለውን ሁሉ አድርጓል። በልቦለድ መደርደሪያው ላይ ግን ዘጠኝ መጻሕፍት ብቻ ነበሩ።

ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል የተመረጡ አሥራ ሁለት ተማሪዎች መጡ። አርባ ሁለቱን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ "የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቡና ይግባ ወይም አይግባ በሉ" አልኳቸው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ይሄ ታሪክ አይደለም፤ ምክር ነው።" መጽሐፉን ተቀብዬ ሳየው ከወደድኳቸው አንዱ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ እንደገና አነበብኩት። ልጁ ልክ ነበር።

በሩ አጠገብ የተቀመጠች፣ ከሌሎቹ በዕድሜ ከፍ የምትል፣ ጥቁር ሒጃብ ያደረገች ልጅ ግን ያልኩትን አትሠራም። አንዱን መጽሐፍ ታነሳለች፣ ከመሃል ትገልጠዋለች፣ ሁለት ሦስት መስመር በጣቷ ትከተልና ዘግታ ሌላውን ታነሳለች። አሥራ አምስት ያህል መጽሐፍ እንዲህ አደረገች። ከትናንት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የቆየው ነገር በእሷ ላይ ወጣ።

"አንቺ ልጅ! መጽሐፍ ከመሃል አይጀመርም። ማንበብ ካልፈለግሽ ለሚፈልግ ቦታ ልቀቂ።"

ሰይድ በጆሮዬ "ሀዋ ትባላለች" አለኝ። ሀዋ ተነስታ ቆመች።

"እየፈለግኩ ነው ቲቸር።"

"ምን?"

"ገጽ ሰማንያ ሰባትን።"

አንድ ልጅ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ዓይኗን መስኮቱ ላይ አድርጋ በቃሏ ማለት ጀመረች። "ትርንጎ የደብተር ቦርሳዋን አናቷ ላይ አሥራ ወደ ወንዙ ገባች። ውሃው መጀመሪያ ጉልበቷን፣ ቀጥሎም ወገቧን ያዛት። ከወዲያ ማዶ የቆሙት ሽማግሌ ገመድ ወረወሩላት..." ሳትደናቀፍ፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር እየጠበቀች ሁለት ገጽ ሙሉ ወጣችው። "ትርንጎ ገመዱን በአንድ እጇ ያዘችና..." ስትል ቆመች። "እዚህ ላይ ያልቃል። ሰማንያ ስምንት።"

"የት ነው ያነበብሽው?" አልኳት።

"ሪያድ።"

ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ነው የሄደችው። ዕድሜዋ አሥራ አምስት፣ ፓስፖርቱ ላይ ግን ሃያ አራት ነበረች። እናቷ ለራስ ምታት እንዲሆናት ጥቁር አዝሙድ ከገበያ ገዝታ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችላት። አሠሪዎቿ ስልኳን ወሰዱባት። በዚያ ቤት አማርኛ የሚናገር ሰው አልነበረም።

"አዝሙዱ ያለቀ ቀን ወረቀቱን ዘረጋሁት" አለች ሀዋ። "የትምህርት ቤታችን ማህተም ግማሹ አለበት። ሁለት ዓመት ያነበብኩት እሱን ነው። ልብስ እየተኮስኩም፣ ወለል እየወለወልኩም በቃሌ እለው ነበር። አማርኛ እንዳይጠፋኝ።"

"ወረቀቱስ?"

"ላብ በላው። የተመለስኩ ጊዜ መጀመሪያ የመጣሁት እዚህ ነው፤ መጽሐፉን ልዋስ ብዬ። የለም አሉኝ። በዚያው ተመዝግቤ ቀረሁ።"

ተቀመጥኩ። ትርንጎን አውቃታለሁ፤ ከአራት ዓመት በፊት መርጬ የላክሁት መጽሐፍ ነው። ኮሚቴ ያስወገደው፣ ነጋዴ የቀደደው፣ አዝሙድ የተጠቀለለበት ወረቀት ይህችን ልጅ ሁለት ዓመት አቁሟት ኖሯል። እኔ ደግሞ አሁን በሰው ፊት ተቆጥቻታለሁ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ ሀዋ" አልኳት። "መጽሐፉ ቤቴ አለ፤ እልክልሻለሁ።"

ፊቷ በራ። "ትሻገራለች?"

መጨረሻውን አላስታውስም። ለመቶዎች ልጆች የመረጥኩትን መጽሐፍ መጨረሻ አላስታውስም! "አንቺው ታነቢዋለሽ" ብዬ አመለጥኩ።

እስከ እኩለ ቀን ተማሪዎቹ ከአርባ ሁለቱ አሥራ ሰባቱን ይግቡ አሉ። ከእነዚያ ውስጥ እኔ ከሁሉም ያስበለጥኳቸው አራት ብቻ ናቸው። ሳልከራከር ጻፍኩት።

አዲስ አበባ

ቤቴ ስደርስ ሻንጣዬን ሳልፈታ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ገጽ ሰማንያ ስምንት፤ ትርንጎ ገመዱን በአንድ እጇ ያዘችና። ገለጥኩ። ገጽ ሰማንያ ዘጠኝ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ገመዱ ይበጠሳል። በሦስተኛው መስመር ትርንጎ ትሰጥማለች። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሠላሳ ገጾች የአባቷ ለቅሶ ናቸው። አግቢ ስትባል እምቢ ብላ ወደ ትምህርት ቤት የሸሸች ልጅ ነበረች፤ መጽሐፉ የሚዘጋው ወላጁን ያልሰማ ልጅ መጨረሻው ይህ ነው ብሎ ነው። የጀርባ ሽፋኑ ላይ "ለወጣቶች አስተማሪ" የሚል ቃል አለ። የመረጥኩት ያንን አይቼ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። በአንዲት ቅጠል ውፍረት ነው ሀዋ ያመለጠችው። እናቷ ገበያ የሄደችበት ቀን ነጋዴው የቀጣዩን ቅጠል መዝዞ ቢሆን ኖሮስ?

ሁለት ቀን አመነታሁ፤ ከዚያ ለሰይድ ደውዬ ሀዋን እንዲያገናኘኝ ለመንኩት።

"ሀዋ፣ መጽሐፉን አነበብኩት።"

መስመሩ ላይ የደወል ድምፅ፣ የተማሪ ጫጫታ ይሰማኛል። እንዴት እንደምቀጥል ጠፋኝ።

"ሞተች አይደል?" አለች።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ዝም ስላሉ ነዋ። እኔ በየቀኑ አሻግሬያት ነበር ቲቸር። ሁለት ዓመት ሙሉ። አንዳንድ ቀን ሽማግሌው ይጎትቷታል፣ አንዳንድ ቀን ገመዱን ለቃ ትዋኛለች።"

"ልተወው? ባልልከው ይሻላል?"

"አይ፣ ይላኩት። ደራሲው ለምን እንደገደላት ልየው።"

በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላክሁት። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ የመረጧቸውን አሥራ ሰባቱን ልቦለዶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል አነበብኳቸው፤ አንዳቸውንም የጀርባ ሽፋኑን አይቼ አልወሰንኩም። የመምረጥ ሥራ ማንበብ መሆኑን ለማወቅ ሃምሳኛ ዓመቴን መጠበቅ አልነበረብኝም። መጽሐፍ ማን እጅ፣ በምን ቀን እንደሚገባ መራጩ አያውቅም። ሳያነብ የመረጠ ሰው ደግሞ ገመድ መያዙን ሳያውቅ ይወረውራል።

በሳምንቱ ሰይድ የመጽሐፍ ውሰት መዝገቡን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሀዋ መጽሐፉን በሁለት ቀን መልሳዋለች። "የአንባቢ አስተያየት" በሚለው ሣጥን ውስጥ፣ በተስተካከለ ጽሕፈት፣ አንድ ቃል ጽፋበታለች።

"አልስማማም።"