ለወለተኢየሱስ የሚሆን መሬት

ወለተኢየሱስ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈች። ባሏ ክብሩ ዓይኖቿን በእጁ ከከደነ በኋላ መጀመሪያ ያሳሰበው የት እንደሚቀብራት ነበር።

ክብሩ ከሮቤ ወደ ገሰራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ የገበያ መንደር በብየዳ የሚተዳደር ሰው ነው። በአጨዳ ወራት የተሰበረ ኮምባይነር ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። አያቶቹ ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እሱም ሚስቱም በመንደሩ ማርያም ተጠምቀው ያደጉ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ሀይሚ በኩፍኝ ስትሞትባቸው እዚያው ግቢ፣ በምሥራቅ በኩል ካለው የሽቦ አጥር ሥር ቀበሯት። ጴንጤ የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። እድሩ ሰረዛቸው፤ የማርያም ግቢም ለእነሱ መቃብርነቱ ቀረ።

ጉባኤያቸው ትንሽ ነው። የቆርቆሮ አዳራሽ አላቸው፤ ድምፅ ማጉያና ኪቦርድም ገዝተዋል። የመቃብር ቦታ ግን የላቸውም። አብዛኞቹ ወጣቶች ስለሆኑ ስለ መሞት ያሰበ አልነበረም። በየሳምንቱ ስለ ዘላለም ሕይወት ሲዘምሩ፣ አንድ ሬሳ የሚያሳርፉበት መሬት አለመያዛቸው ለክብሩ የተገለጠለት ያን ዕለት ጧት ነው።

የጉባኤው ሽማግሌ ጌታነህ መጥቶ አጽናናው። ሮቤ ያሉ ወንድሞች የመቃብር ቦታ አላቸው፣ መኪና እፈልጋለሁ አለው። ክብሩ እሺ ማለት አልቻለም። ወለተኢየሱስ ሕመሙ ሲጠናባት «ከሀይሚ አጠገብ አድርገኝ» ብላው ነበር። እንዴት እንደሚሆን ሳያውቅ እሺ ብሏታል።

እኅቷ እኅተማርያም ደረቷን እየደቃች ገባች። ከማርያም ደጅ የማትጠፋ ሴት ናት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ክብሩን በክንዱ ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችው።

«ቄሱ ጋ ሂድና በመጨረሻ የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ ብላ ነበር በላቸው። ሌላ ምንም አትጨምር። እሳቸው ካመኑህ ማንም አይከለክልህም።»

«አላለችም።»

«አለማለቷን ማን ሰማ? ቤት ውስጥ የነበራችሁት አንተና እሷ። እሷ እንደሆነ አትመሰክርብህም።»

ክብሩ ትቷት ወጣ። እግሩ ግን ወደ ማርያም ነበር የወሰደው።

ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ቢያቋርጥም ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ያነባል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ለወጣቶቹ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚያስተምረው እሱ ነው። ጀርመናዊው መነኩሴ በመኳንንትና በጳጳሳት ፊት ቆሞ የጻፍኩትን አልክድም ማለቱን፣ ከዚያም በየአገሩ በአንዲት ቃል እምነታችሁን ካዱ ሲባሉ እምቢ ብለው እሳት የገቡትን፣ እዚህ ደግሞ ደርግ አዳራሾቹን ሲያሽግ በየጓዳው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የዘመሩትን ሲተርክላቸው ወጣቶቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ይሰሙታል። ሲያስተምር ነገሩ ቀላል ይመስለው ነበር። አሁን መንገድ ላይ ከራሱ ጋር ይሟገታል። እነዚያ የሰጡት የራሳቸውን ነፍስ ነው፤ የሚስታቸውን አደራ ግን አልበሉም ይላል። መልሶ ደግሞ፣ ሚስት አልነበራቸውም ያለህ ማነው? ይላል። ጸልዮም አየ። ከ«ጌታ ሆይ» የሚያልፍ ቃል አልመጣለትም።

ቄስ ገብረወልድ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁት። ፊደል ያስቆጠሩት፣ ዳዊትም ያስደገሙት እሳቸው ናቸው። መርዶውን ሰምተዋል።

«እግዚአብሔር ያጥናህ፣ ልጄ።»

«አባቴ፣ ከልጇ አጠገብ እንድትሆን ልለምንዎት ነው የመጣሁት።»

«ጠርታኝ ነበር?»

ቄሱ ጠጋ አሉት። አዎ እንዲላቸው መጓጓታቸው ከዓይናቸው ያስታውቃል።

«የምትለኝን ነው የማምነው። ለሰበካ ጉባኤው እኔው እነግራለሁ፤ ፍትሐትም እናደርስላታለን። አንዲት ቃል ብቻ በለኝ።»

ቃሏ ከንፈሩ ላይ ደርሳ ነበር። ነገር ግን ወለተኢየሱስ ሌሊቱን እጁን ይዛ፣ መተንፈስ እያቃታት፣ «ተመስገን፣ ጌታዬ» ስትል የነበረው ታወሰው። አዎ ቢል ሀይሚ አጠገብ የምትተኛው እሷ ሳትሆን እሱ የፈጠራት ሌላ ሴት መሰለችው።

«አልጠራችዎትም፣ አባቴ። እንደ እምነቷ ነው የሞተችው።»

ቄሱ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እንግዲያው እኔም እጄ ታስሯል» አሉት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ይህም ክብሩን ይበልጥ ሰበረው።

ወደ ቤቱ መመለስ አልሆነለትም። ሚስቱን ምን ብሎ ያያታል? ከማርያም ግቢ ውጭ በምሥራቅ በኩል ዞሮ፣ ሀይሚ ካለችበት አንጻር፣ ገብስ መሀል ቁጭ አለ። ማሳው የዲኖ ነው፤ የተሰበረ ጋሪውን ክብሩ ይበይድለታል። ዲኖ ሰው ገብሱን የሚያበላሽበት መስሎት እየተቆጣ መጣ። ማን እንደሆነ ሲያይ ድምፁን ቀነሰ።

«አካም፣ ክብሩ? ምን ሆነህ ነው?»

ክብሩ ሁሉንም ነገረው። ዲኖ «ኢና ሊላሂ» አለና አጠገቡ ተቀመጠ። የልጅቷ የቱ ነው ብሎ ጠየቀው። ክብሩ በሽቦው መሀል አሳየው፤ እጅ ቢዘረጋ የሚነካ ነው። ዲኖ ሽቦውን አየ፣ ማሳውን አየ።

«አጥሩ የማርያም ነው» አለ። «ገብሱ ግን የኔ ነው። እዚህ አድርጋት።»

«ገብስህ እኮ ገና አልደረሰም፣ ዲኖ።»

«እሷስ ደርሳ ነበር?»

ሚስቱን ጁሀራን ማጭድ እንድታመጣ ተጣራና አረንጓዴውን ገብስ ማጨድ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየጣለ ቀበሯት። የዲኖ ጎረቤቶችና የጉባኤው ወጣቶች እየተቀባበሉ ቆፈሩ። ጌታነህ ጸለየ፤ ወጣቶቹ መዝሙር ጀምረው መሀል ላይ ለቅሶ አቋረጣቸው። ክብሩ ቃሌን ጠበቅኩላት ወይስ አጠፍኩባት እያለ ሽቦውን ብቻ ያያል።

ከአጥሩ ወዲያ፣ በማርያም ግቢ፣ እኅተማርያም በሀይሚ መቃብር ላይ ቆማለች። ቄስ ገብረወልድም ከኋላዋ መጥተው ነበር፤ መጽሐፍም መስቀልም አልያዙም፤ ዝናቡ እየመታቸው ቆሙ። ሳጥኑ ሲወርድ እኅተማርያም ጎንበስ ብላ ከልጅቷ መቃብር ላይ አፈር ዘገነች። ክንዷን በሽቦው መሀል አሾልካ ሳጥኑ ላይ በተነችው። ሽቦው እጇን ጫረው። ቄሱ አልከለከሏትም።

ክብሩ ወደ አጥሩ ተጠጋ።

«ጨምሪላት» አላት።