የሚንሸራተተው ጊታር

«ጋሼ፣ የሚንሸራተተው ጊታሩ ሳይሆን ካሴትዎ ነው» አልሁ። ወጣቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አለኝና ጨመርሁበት፦ «ጆሮም እኮ ያረጃል።»

ይህን ያልሁት ጊታር ያስተማሩኝን ሰው ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን በወታደር የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ጊታር ሲመቱ ኖረው፣ በጡረታ ወደ ደብረ ታቦር የተመለሱ ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ጣቶቼን አንድ በአንድ ክሩ ላይ ያስቀመጡልኝ እሳቸው ነበሩ። አሁን የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሁለታችንም ወጣቶች ማዕከል ሄደን የድሮ የውጭ ሮክ እያስከፈትን ከወጣቶቹ ጋር እናዳምጥ ነበር። ዋናው ጨዋታችን ከዘፈኑ ጀርባ እያለቀሰ የሚሄደው ጊታር በምን እንደተመታ መለየት ነው።

አንደኛው ስላይድ ይባላል። ተጫዋቹ ጣቱ ላይ የብርጭቆ ወይም የብረት ቱቦ አጥልቆ ክሩ ላይ ያንሸራትታል። ሌላው ስቲል ጊታር ነው፤ እንደ ገበታ ተጋድሞ፣ ከላይ በብረት እየተዳሰሰ፣ ከታች ደግሞ በሚረገጥ ፔዳል ክሩ እየተሳበ የሚመታ። ሁለቱም እንደ ማሲንቆ ድምፁን ሳይቆርጡ ከቦታ ቦታ ያሻግሩታል። ላልለመደ ጆሮ አንድ ናቸው።

በዚያ ቅዳሜ ጋሼ ቴፓቸውን ይዘው መጡና አንድ ዘፈን ከፈቱ።

«ስቲል ነው» አሉ። «ልብ ብላችሁ ስሙ። አንዱ ክር ባለበት ቆሞ ሌላው ብቻውን ይወጣል። ብርጭቆ ቀጥ ያለ ነገር ነው፣ ሁሉንም እኩል ነው የሚገፋ። ይህን የሚያደርግ ፔዳል ብቻ ነው።»

እኔ ያንኑ ዘፈን ሳምንቱን ሙሉ በስልኬና በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ከርሜያለሁ። ብርጭቆው ከጊታሩ አንገት ጋር ሲጋጭ ኳ የምትል ትንሽ ድምፅ አለች፤ በደንብ ሰምቻታለሁ። ስለዚህ ስላይድ ነው። ከቴፑ የሚወጣው ለየት ቢልብኝም ካሴቱ ስላረጀ ነው ብዬ አለፍሁት። ያን ክፉ ቃል የተናገርሁት ያኔ ነው። ከዚያ ማዳመጫዬን ለወጣቶቹ አዞርሁላቸው፤ ተራ በተራ ሰሙና «እውነቷን ነው» አሉ።

እሳቸው ቴፑን ዘጉ። ገመዱን ቀስ ብለው ጠቀለሉት። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። አልዞሩም።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ተገናኘን። ሁልጊዜ «እንደምን አደርሽ፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ባርኔጣቸውን አንሥተው «እንደምን አደሩ» አሉኝ። አንቱ አሉኝ! ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ከሩቅ ሳያቸው ያገኘሁት ሱቅ ውስጥ እገባለሁ። ቅዳሜም አይመጡም። ወጣቶቹ «ጋሼስ?» ሲሉኝ «አሟቸው ነው» እላለሁ። ውሸት ነበር።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ገበያው አጠገብ ወዳለ የስልክ ዕቃ ሱቅ አዲስ ማዳመጫ ልገዛ ሄድሁ። የድሮው የግራ ጆሮው ከሞተ ቆይቷል፤ በአንዱ ብቻ መስማት ለምጄ ረስቼው ነበር። ባለሱቁ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። «ሞክሪው እንጂ» ሲሉኝ ስልኬ ላይ የመጣልኝን ከፈትሁ። ያው ዘፈን ነበር።

በቀኝ ጆሮዬ የማውቀው ስላይድ መጣ። በግራው ደግሞ ሌላ ጊታር ገባ፤ አንዱ ክር ቆሞ ሌላው ብቻውን የሚወጣበት።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አሉ ባለሱቁ። «ፊትሽ ተለወጠ።»

የጋሼ ቴፕ የቀኝ ስፒከሩ ተቀዶ ድምፅ የማያወጣ እንደሆነ ስንት ዓመት አይቻለሁ! እሳቸው በግራ የተቀዳውን ብቻ፣ እኔ የቀኙን ብቻ ነበር ስንሰማ የኖርነው።

ከሱቁ በቀጥታ ቤታቸው ሄድሁ። ጎረቤታቸው «ጉልበታቸውን አሟቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደዋል» አለችኝ። ስዋሽ የኖርሁት እውነት ሆኖ ጠበቀኝ።

መንገዱ በጸጥታ ችግር ለቀናት ተዘግቶ ገና መከፈቱ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ሐሙሲት ድረስ በሚኒባስ ሄድሁ። ሁለት ጊዜ ወርደን ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ ማዳመጫውን አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። «ለአባቴ ነው» አልሁት፤ ለምን እንዲያ እንዳልሁ አላውቅም።

ከሐሙሲት ወደ ፍል ውሃው ስወርድ፣ ጋሼን ከውሃው ወጥተው ጋቢ ለብሰው ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ደኅና ነዎት፣ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱስ እንዴት ከረሙ?»

«ስለ እመቤቴ ብለው አንቱ አይበሉኝ!»

ያኔ ቁጣቸው ወጣ። «አንቺ ከተናገርሽኝ ወዲህ ያን ቴፕ አልከፈትሁትም፤ ታውቂያለሽ? ሐኪም ዘንድ ሄጄ ጆሮዬን አስመረመርሁ። ደኅና ነው አለኝ። እሱን አላመንሁትም። አንቺን ነው ያመንሁ!»

ማዳመጫውን በሁለቱም ጆሯቸው አድርጌ ከፈትሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እግራቸው መሬቱን ቀስ ብሎ መርገጥ ጀመረ፤ ቆየት ብሎ ቆመ። እጃቸውን ወደ ቀኝ ጆሯቸው ወሰዱ።

«ሁለት ሰዎች ናቸው» አሉ። «ይኸኛውን አላውቀውም። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

«እኔም የእርስዎን አልሰማሁትም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሰሙት። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «የሰደብሽኝ በወጣቶቹ ፊት ነው። ይቅርታውም እዚያው ይሁን» አሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ በወጣቶቹ ፊት ቆምሁ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ይግቡ ብንላቸውም አልገቡም። ሁሉንም ተናገርሁ፤ የተሰበረውን ማዳመጫ፣ ስለ ጆሮ ያልሁትን፣ ታመዋል ብዬ መዋሸቴን። ማንም አልሳቀም።

ስጨርስ ገብተው ወንበር ሳቡ። «በሉ ሌላ ክፈቱ» አሉ። «እሷ ቀድማ ትንገረን።»

ዘፈኑ ተከፈተ። ጊታሩ ሲያለቅስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እስኪያልቅ ሰማሁት።

«አላወቅሁም» አልሁ።

«እኔም» አሉ ጋሼ። «ከመጀመሪያው ድገሙት።»