የባዘዘው ኦኬ

ባዘዘው ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ድንች የሚያመርት ጨዋ ሰው ነው። አንድ አመል ብቻ አለበት፤ ኦኬ ይላል። በጎረምሳነቱ ደጀን ላይ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መኪናው ወደ ኋላ ሲመለስ ከጀርባው ቆሞ «ና፣ ና፣ ና… ኦኬ!» እያለ ሲጮህ ኖሮ ወደ እርሻው ሲመለስ፣ መኪናው እዚያው ቀረና ቃሉ አብሮት መጣ። በሬውን ሲያቆም ኦኬ፣ ስልክ ሲያነሳ ኦኬ፣ ለቅሶ ቤት የሟች ሕመም ሲተረክለት እንኳ ኦኬ፣ ኦኬ። ሚስቱ ዘቢደር «ለአፍህ ልጓም ይሠራለት!» ስትለው ምን ቢላት ጥሩ ነው? ኦኬ!

አምና ኅዳር ላይ ልጁን የኔዓለምን ለማጨት ሽምግልና ሄድን። ጠያቂው የከተማው የእንግሊዝኛ መምህር እንዳላማው ነው። ልጅቷም ትወደዋለች፤ ይህን ከአባቷ በቀር የማያውቅ የለም። መሪያችን መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ሲሆኑ፣ እኔ የባዘዘው የልጅነት ጓደኛ ነህ ተብዬ ተጨመርኩ። ያ አቀበት ጉልበቴን ፈጀው፤ ያመሰገነኝ ግን የለም።

ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ የልጅቷ አባትም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። «ዘመድ ላማክር» ብሎ ይቀጥራል፣ ያመላልሳል። ቶሎ እሺ ካለ ልጁን አቃለላት ይባላል። መሪጌታም ሳምንት ሙሉ ንግግር ሲያዘጋጁ ሰነበቱ፤ ከአዳም ተነሥተው፣ በአብርሃም በኩል አድርገው፣ የኔዓለም ጋ ሊደርሱ።

በሩ ላይ ቆምን። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመጣነው ልጅዎን የኔዓለምን ለልጃችን ለእንዳላማው ብለን ነው። ነገሩም እንዲህ ነው፤ እግዚአብሔር አዳምን በፈጠረ ጊዜ…»

«ኦኬ» አለ ባዘዘው።

ከጓዳ ዘቢደር «ኧረ ጉዴ! ልጄን እንደ ድንች በመጀመሪያው ጥሪ ለቀቃት!» ስትል ተሰማ።

«አዳም ላይ አቋረጠኝ!» አሉ መሪጌታ፣ ፊታቸው ተለዋውጦ።

ባዘዘው በላብ ተጠመቀ። «አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!» ቢልም ሽማግሌ ሰምቷል። መሪጌታ የመጻሕፍት ሰው ናቸውና «የቃሉ ምንጭ ሳይመረመር አይፈረድም» አሉ። እንግሊዝኛ የሚያውቀው ደግሞ ጠያቂው ራሱ ነው። ስልክ ደውዬ ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት።

«እንዳላማው፣ ኦኬ የሚባለው ቃል ከየት መጣ? ተጠንቅቀህ መልስ!» አልኩና ጠቀስኩት። በስልክ ጥቅሻ እንደማይታይ የገባኝ በኋላ ነው።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው!» አለ። መምህር አይደል? «ዛሬ ዓለም ሁሉ እሺ፣ ይሁን፣ ደህና ለማለት ይጠቀምበታል። አመጣጡ ግን ቀልድ ነው። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት፣ አሜሪካ ቦስተን ውስጥ፣ የጋዜጣ ሰዎች ‹ሁሉም ትክክል› የሚለውን እንግሊዝኛ ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል ይጽፉና የየቃሉን የመጀመሪያ ፊደል፣ ኦ እና ኬን፣ ብቻ ወስደው ይሳሳቁበት ነበር። ‹ትክክል ነው› የሚለው ቃል ራሱ ትክክል አይደለም ማለት ነው!» ብሎ ሳቀ፤ ብቻውን።

«በቀልድ የተወለደ ቃል ልጅ አይድርም፤ ፈርሷል!» አሉ መሪጌታ። ዘቢደር እልል አለች። የኔዓለም ከጓዳ «ይሄ ቂል!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከስልኩ ውስጥ «ሄሎ? ምኑ ነው የፈረሰው?» ይላል።

ባዘዘው ሚስቱ ቃሉን እያቀበለችው «ዘመድ ላማክር» አለ፤ እኛም ተቀጥረን ተመለስን።

በቀጠሮው አዳም ተነገረ፤ አብርሃምም አልቀረ። ባዘዘው ቃሉ እንዳያመልጠው ጋቢውን አፉ ላይ ይዞ አዳመጠ። መሪጌታ ጨርሰው «እንግዲህ ምን ይላሉ?» አሉት። አሁን እሺ ቢል የሚነቅፈው የለም።

ዘቢደር በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ለበሬና ለስልክ የማይነፍገው ቃል ዛሬ ከአፉ አልወጣ አለ። ጋቢውን ከአፉ አውርዶ ልጁ ወዳለችበት ጓዳ ሲመለከት አየሁና፣ እኔም የሴት ልጅ አባት ነኝና፣ ገባኝ።

«ጥሩ ልጅ ነው፣ አልከለክልም» አለ በመጨረሻ። «ያን ቀን ግን ምን እንደጠየቃችሁኝ አልሰማሁም ነበር። ዛሬ ገና ሰማሁት። እባካችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሱ፤ እስከዚያ ልጄ እኔ ቤት ትሰንብትልኝ።»

«እንመጣለን» አልኩት፣ መሪጌታን ሳላስፈቅድ።